ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ልጆቼ፣ ዛሬ ለብድር ደጅ መጥናት ቀርቷል። ድሮ ብር የቸገረው ሰው ሽማግሌ ይልክ ነበር፣ ዋስ ይጠራ ነበር፣ ቢያንስ ባለ ሱቁን ዓይን ዓይኑን እያየ «እስከ ደመወዝ ታገሠኝ» ይል ነበር። አሁን ብድር ራሱ መጥቶ ስልካችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ክረምት ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን ብድርና ለጎደለ ሒሳብ መሙያ የሆነውን «እንደኪሴ» አመጣ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ በስልክ ያለ መያዣ የሚሰጠው «ምቹ» አለ። ዕቃ ወስዶ ቀስ እያሉ ለመክፈል ደግሞ የዳሸን «ዱቤ አለ» አለ። ማፈር ቀረ፤ ዕዳው ግን አልቀረም።

ወጣቶች ሲያገኙኝ «ወለዱ ዝቅ ያለው የቱ ነው?» ይሉኛል። አንዳንዱ አሜሪካ ያለ ዘመዱ ስለ ክሬዲት ካርድ ሲያወራ ሰምቶ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን የኤቲኤም ካርድ ከዚያ ጋር አንድ ያደርገዋል። አንድ አይደሉም። እኛ እጅ ያለው ካርድ የሚያወጣው የገዛ ተቀማጫችንን ነው፤ ሒሳቡ ባዶ ከሆነ ማሽኑ አያዝንም። ለዚያኛው ካርድ ጠጋ የሚለው እንደኪሴ ነው፣ የጎደለውን ሞልቶላችሁ ኋላ ስለሚጠይቅ። የሆነ ሆኖ የጥያቄያችሁ መልስ በመቶኛው ቁጥር ውስጥ አይገኝም። ጠይቁ የምላችሁ ሁለት ነገር ነው፦ በጠቅላላው ስንት ብር ከኪሴ ይወጣል? በየትኛው ወር ይወጣል?

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። 24,000 ብር ለ12 ወር በ15 በመቶ ተበደራችሁ እንበል። አንዱ አበዳሪ ወለዱን የሚያስበው እስከ መጨረሻው ወር በ24,000ው ላይ ነው። ወለዱ 3,600 ብር ይሆናል፤ በየወሩ 2,300 ትከፍላላችሁ። ሌላው አበዳሪ የሚያስበው ከፍላችሁ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ነው። በየወሩ ከዋናው 2,000 እየቀነሳችሁ ከሄዳችሁ የዓመቱ ወለድ 1,950 ብር ነው። ሁለቱም ሰሌዳቸው ላይ የለጠፉት «15 በመቶ» ነው! የመጀመሪያው በሁለተኛው ስሌት ቢመዘን 28 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ «18 በመቶ፣ በቀሪው ዕዳ ላይ» ያለ አበዳሪ «15 በመቶ» ብሎ ዝም ካለው ሊረክስ ይችላል። «ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው?» ብላችሁ ስትጠይቁ የባንኩ ሠራተኛ ቀና ብሎ ያያችኋል። ይመልከታችሁ፣ ጥሩ ነው።

የስልክ ብድር ደግሞ «ወለድ» ላይል ይችላል፤ «የአገልግሎት ክፍያ» ይላል። ለምሳሌ ያህል 1,000 ብር ለ30 ቀን ወስዳችሁ ክፍያው 60 ብር ቢሆን፣ ለጆሮ ትንሽ ነው። በየወሩ እየመለሳችሁ እንደገና ብትወስዱት ግን በዓመት 720 ብር ነው፣ ያውም ለአንዲት ሺህ። ክፍያው ከላይ ከተቆረጠ ደግሞ እጃችሁ የሚገባው 940 ነው። ቁጥሩን ለማስረጃ አነሣሁት እንጂ ትክክለኛውን «እስማማለሁ» ከማለታችሁ በፊት እናንተው አንብቡት፤ ቀኑ ሲያልፍ የሚጨመረውን ቅጣትም እንዲሁ። ይህን ስል የስልክ ብድር ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። እኛ ዘንድ፣ አምቦ አጠገብ ጉደር ገበያ ላይ ጠዋት ሽንኩርት ገዝታ ማታ ሸጣ የምትገባ ልጅ በሁለት ገበያ 60 ብሩን ካተረፈች፣ ውድ ብድርም ያዋጣታል። ለሠርግ ልብስና ለኳስ ውርርድ ሲሆን ነው ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው።

ወሩን ጠይቁ ያልኩት በከንቱ አይደለም። በጊንጪና በዙሪያዋ ጤፍ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ጥር ላይ ሁሉም ዕዳ አለበት፣ ሁሉም ይሸጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። ክረምት ሲቃረብ ያው ጤፍ ይወደዳል፤ ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ገዢ ሆኖ የሚመጣው ጥር ላይ የሸጠው ገበሬ ራሱ ነው። እንግዲህ 10,000 ብር ዕዳ በ15 በመቶ ለ5 ወር ቢራዘም ወለዱ 625 ብር ነው። እስከ ሰኔ ብታቆዩት ጤፉ የሚጨምረው ዋጋ ከዚህ ከበለጠ ማራዘሚያ ለምኑ፤ ካነሰ ሸጣችሁ ተገላገሉ። ጉደር ላይ በመስኖ የሚያለማ፣ ጀልዱ ላይ ድንች የሚተክል፣ አምቦ ላይ ደመወዝ የሚጠብቅ፣ ሁሉም ገንዘብ የሚገባበት ወር የተለያየ ነው። በየወሩ ክፈል የሚል ውል ለመምህር ይመቻል፤ ገበሬን ግን በሬ ያሸጣል።

ዝቅተኛ ወለድ ከተባለ ከዕቁብ የሚወዳደር የለም። 12 ሰው በወር 2,000 ቢጥል ዕጣው 24,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰው ያንኑ የቅድሙን 24,000 ያለ አንዲት ሳንቲም ወለድ አገኘ ማለት ነው። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ዓመት ሙሉ አበዳሪ ሆኖ፣ ኑሮ እየተወደደበት ቆየ። ስለዚህ ለሥራ ገንዘብ የሚያስፈልገው ዳኛውን አስፈቅዶ፣ ዋሱን ጠርቶ ቀደም ያለ ዕጣ ይለምን፤ ሥራ የሌለው ቀድሞ ቢደርሰው ለሚሠራበት ይቀይር። ከዕቁብ ቀጥሎ የመሥሪያ ቤታችሁን የቁጠባና ብድር ማኅበር ተመልከቱ። መጀመሪያ መቆጠብ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን የምትከፍሉት ወለድ ዞሮ የማኅበሩ ነው፣ አባል ስለሆናችሁም ከትርፉ ትካፈላላችሁ። ቤትና ካርታ ለሌላችሁ ደግሞ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከብት፣ ባጃጅ፣ የተከማቸ እህል ሁሉ መያዣ ሊሆን እንደሚችል ፈቅዷል። በ1989 ዓ.ም. የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሆኖ የጀመረው የዛሬው ሲንቄ ባንክም የተነሣው ከትንንሽ ተበዳሪዎች ነው፤ በሩን ማንኳኳት አያሳፍርም።

አራጣ አበዳሪ ዘንድ አትሂዱ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2479 መሠረት ሰው ለሰው ሲያበድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋል አይችልም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ አራጣ ወንጀል ነው። አራጣ አበዳሪ ግን ይህን ከእናንተ የበለጠ ያውቃል። 50,000 ሰጥቶ «80,000 ተበድሬያለሁ» ብላችሁ እንድትፈርሙ ያደርጋል፤ ወረቀቱ ላይ ወለድ የሚባል ነገር አይታይም። ከተፈረመ በኋላ ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ከባድ ነው። ከተቀበላችሁት ብር በላይ የሚል ወረቀት ላይ፣ ወንድማችሁም ቢሆን ያቀረበው፣ አትፈርሙ።

ዋስ ስለመሆንም አንድ ነገር ልበል፤ የአካባቢያችን ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ዋስ መሆን መበደር ነው፣ ገንዘቡን ሌላ ሰው ይበላዋል እንጂ። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ እናንተ ደመወዝ መምጣት ይችላል። በስልካችሁ «መላ አውጣልኝ» የሚል ጓደኛም ያው ዋስ ጠሪ ነው። ብትረዱት እንኳ፣ ቢጠፋ የማትጸጸቱበትን ያህል ብር ከራሳችሁ ስጡት።

ከአምቦና ከጌዶ ወጥታችሁ ሚኒሶታም ዋሽንግተንም ያላችሁ ልጆቻችን፣ እናንተ ዘንድ ካርዱ እውነተኛ ብድር ነው። እዚያ የካርድ ወለድ በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ወለድ የማይነካው የወሩን ሒሳብ ሙሉ በሙሉ በቀኑ የከፈለ ብቻ ነው። «ለ15 ወር ዜሮ ወለድ» የሚሉት የድሮ ዕዳ ለማዛወር ይጠቅማል፣ ግን ሲዛወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ይቆረጣል፤ ዜሮው ሲያልቅ ቀሪው ዕዳ ወደ ሙሉው ወለድ ይገባል። ስለዚህ ዕዳውን ለ15 አካፍላችሁ በየወሩ ክፈሉ፤ በዚያ ካርድ አዲስ ነገር አትግዙ። በ2009 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣው የአሜሪካ የካርድ ሕግ፣ ትንሹን ክፍያ ብቻ ብትከፍሉ ዕዳው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ በየወሩ መግለጫው ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ያችን መስመር አንብቧት። ለሠርግና ለተዝካር ብር ላኩ ስንላችሁም ከካርድ አውጥታችሁ አትላኩልን፤ የለም በሉን፣ እንረዳለን።

እዚህ ያላችሁት ደግሞ፣ ከመፈረማችሁ በፊት በየወሩ የሚከፈለው፣ ዋናውና ወለዱ ተለይቶ የተጻፈበትን ሰንጠረዥ በወረቀት ጠይቁ። ቤት ወስዳችሁ ከትዳር ጓደኛችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር ደምሩት። ወረቀቱን የሚከለክል አበዳሪ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ፤ አምቦ ዋናው መንገድ ላይ ባንክ ሞልቷል።