ልክ የማን ነው?

ከልብስ መደብር ባዶ እጇን የወጣች ሴት የሚያዝንላት አታገኝም። ገንዘብ አጥታ ቢሆን ያዝኑላት ነበር። ገንዘቡን በቦርሳዋ ይዛ፣ ሦስት ፎቅ ወጥታ ወርዳ፣ ስንቱን ቀሚስ አገላብጣ «የሚሆነኝ አጣሁ» ስትል ግን «መራጭ ናት» ይሏታል፤ ወይም «ምርጫ በዝቶባት ነው» ብለው ይስቁባታል። በዚህ ጽሑፍ ለዚህች ሴት ጠበቃ ሆኜ ልቆም እወዳለሁ። ቅሬታዋ ቅብጠት ይመስላል፤ ውስጡ ሲታይ ግን ከጨርቅ ያለፈ ጥያቄ አለበት።

ናይሮቢ የምንኖር ሰዎች የመደብሮቹን ነገር እናውቀዋለን። በትልልቆቹ የገበያ አዳራሾች ውስጥ ከአንዱ ሱቅ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት በበሩ ላይ ያለውን ስም ከመለወጥ በቀር እምብዛም ለውጥ የለውም። ዘንድሮ እጅጌው የተነፋ ሸሚዝ ከሆነ በአምስቱም ሱቅ የተነፋ ነው፤ ቀለሙ የደበዘዘ ሐምራዊ ከሆነ እስከሚቀጥለው ጭነት ድረስ ዓለም ሁሉ የደበዘዘ ሐምራዊ ነው። ጨርቁን በጣት ሲዳስሱት ያው ፖሊስተር ነው፤ ገና በመሞከሪያው ክፍል ውስጥ ላብ ያመጣል። በአርባዎቹ ዕድሜ ለምንገኝ ሴቶች ደግሞ ግማሹ ልብስ ለልጆቻችን፣ ግማሹ ለአያቶቻችን የተሰፋ ይመስላል። በሁለቱ መካከል ያለው ሠላሳ ዓመት ራቁቱን የሚኖር ሳይሆን አይቀርም። አዲስ አበባ ቦሌ ያሉት ቡቲኮችም ከዚህ የተሻለ ነገር የላቸውም። እዚያ ቢያንስ ሻጯ፣ ዚፑ ከወገብ በላይ አልወጣ ብሎ ሳለ፣ «የኔ እናት፣ ያምርብሻል!» ትላለች።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ዝግጁ ልብስ ሲሠራ ኩባንያው በመጀመሪያ አንዲት ሴት ይመርጣል፤ ሕይወት ያላት፣ ስም ያላት ሴት። ናሙናው ሁሉ በእሷ አካል ላይ ይሞከራል፣ ይስተካከላል። ከዚያ ለሌሎቻችን የሚደርሰን የዚያች ሴት ልብስ በተወሰነ ሳንቲሜትር ሰፍቶ ወይም ጠብቦ ነው። ሰው ግን እንደ ፎቶግራፍ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይተልቅም፤ አንዷ በዳሌዋ፣ አንዷ በደረቷ፣ አንዷ በክንዷ ትወፍራለች፤ ትከሻ ደግሞ ጭራሹን ላይነቃነቅ ይችላል። የፋብሪካው መቀስ ይህን አያውቅም። ትእዛዙ የሚሰጠው ከወራት በፊት፣ በሺህ በሚቆጠር ብዛት ስለሆነም፣ የኩባንያው ገዢ የሚመርጠው ብዙዎችን ክፉኛ የማያስከፋውን ልብስ ነው። አንዲቷን ከልቧ የሚያስደስተው ልብስ ለእሱ አደጋ ነው፤ ሌሎቹ ዘጠና ዘጠኙ ካልወደዱት በመጋዘን ይቀርበታል።

ቁጥሮቹስ ከየት መጡ? በ1939 እና በ1940 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን አስለክቶ ነበር። ከእያንዳንዷ ከሃምሳ በላይ ልኬቶች ተወስደው ውጤቱ በ1941 ታተመ። ነጭ ያልሆኑ ሴቶችም ቀርበው ተለክተዋል፤ ወረቀታቸው ግን ከስሌቱ ተለይቶ ተጣለ። በዚያ ጥናት መነሻነት በ1958 አገር አቀፍ የመጠን ደረጃ ወጣ፤ ይህም በ1983 ተሻረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ኩባንያ የፈቀደውን ቁጥር ይለጥፋል፤ ደንበኛዋ ቀጠንሁ ብላ ደስ እንዲላትም የትናንቱን አሥራ አራት ዛሬ አሥር ብሎ ይጽፈዋል። ዛሬ ናይሮቢ የሚሰቀለው ልብስ በዚያ በቀድሞው ሠንጠረዥ የተቆረጠ ነው ማለቴ አይደለም። ማን ሰው ተብሎ እንደሚለካና የማን ወረቀት እንደሚጣል ከወዲሁ የሚወስን ሰው መኖሩን ግን ያሳየናል። የሐረርን ወይም የኪሱሙን ሴት ማን ለክቷታል?

በሙያዬ ተርጓሚ ነኝ፤ በእንግሊዝኛና በአማርኛ መካከል ስመላለስ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አስመጪ የልብስ መጠን ሠንጠረዥ እንድተረጉምለት ሰጠኝ። የሦስት ቃል ሥራ ነበር፦ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ። «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» ብዬ ጻፍሁና ብዕሬን አስቀምጬ ሳቅሁ። በአማርኛ «ትልቅ ሰው» የሚከበር ነው፤ «ትንሽ ሰው» ደግሞ ስድብ ነው። «እኔ ትልቅ ነኝ» ያለች ሴት ትዕቢተኛ ትባላለች፤ «እኔ ላርጅ ነኝ» የምትለዋ ግን ንስሐ እንደምትገባ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። እናቶቻችን ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲገናኙ «ወፈር ብለሻል፣ ተስማምቶሻል» ተባብለው ይደሰቱ ነበር። ይህን ዛሬ ለልጆቻቸው የሚል ቢኖር ለሳምንት ያኮርፉታል።

ዋናው ነገር ግን በግሱ ውስጥ ነው። በአማርኛ ልብስ «ጠበበኝ»፣ «ሰፋኝ»፣ «አጠረኝ»፣ ሲብስም «እምቢ አለኝ» እንላለን። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ልብሱ ነው፤ የጠበበው እሱ ነው። እኔ ጥበቱ የደረሰብኝ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛም እንዲህ ለማለት አይቸግረውም፤ ወደ መደብር ሲገባ ግን «አሥራ ሁለት ነኝ»፣ «አልገባበትም» ማለት ይቀናዋል። እዚህ ላይ ጥፋተኛው ተለዋወጠ። ወጣቶቻችን «ሚዲየም ነኝ» ሲሉ የተዋሱት ቃል አያሳስበኝም፤ ቋንቋ ሲዋስ የኖረ ነው። የሚያሳስበኝ «ነኝ» የምትለዋ የራሳችን ቃል ናት። ልብሱ የነበረው ቁጥር በእሷ በኩል ወደ ሰውየዋ ተሻገረ።

«ልክ» የሚለውንም ቃል እንመልከተው። ልክ መጠን ነው፤ ልክ እውነት ነው፣ «ልክ ነሽ» እንደምንለው፤ ልክ ወሰንም ነው፣ «ልኩን አለፈ» እንደሚባለው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደን «ልኬን ወሰደ» ስንል ልኩ የእኛ ነው፤ ሰፊው ተቀብሎን ወደ ጨርቁ ያዛውረዋል። በመደብር ውስጥ ግን ልኩ በልብሱ አንገት ላይ ተሰፍቶ ይጠብቀናል። ልክ የምንሆነው ወይም የማንሆነው እኛ ነን። ልክ አይደለሽም የተባለች ሴት ደግሞ በቋንቋችን ምን እንደተባለች ለአንባቢ መንገር አያሻም።

የሰፊው የመጀመሪያ ጥያቄ «እንዴት ይሁንልሽ?» የሚል ነበር። የመደብሩ ጥያቄ «የትኛው ይሁንልሽ?» ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ከመምጣቴ በፊት በሐሳቤ የያዝሁት መልክ እንዳለ ይገምታል፤ ባይኖረኝ እንኳ ቆም ብዬ እንዳስብ ያስገድደኛል። ሁለተኛው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የሚቀርብ ነው፤ የቀረልኝ ድርሻ መቀበል ወይም አለመቀበል ብቻ ነው። «ምርጫ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ስለሚሸፍን ልዩነቱን አናይም። መቶ ቀሚስ ፊቷ ተደርድሮ «ምርጫ አላት» የምትባለው ሴት እንደ እውነቱ ከሆነ መቶ ጊዜ እምቢ የማለት መብት ነው ያላት። ያንን መብት ስትጠቀምበትም መራጭ ተብላ ትታማለች።

አርስቶትል ስለ ፍትሕ በጻፈበት ክፍል የሌስቦስ ደሴት ግንበኞች ስለሚጠቀሙበት ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ መለኪያ ያነሳል። ያ መለኪያ እንደ ብረት ቀጥ ብሎ አይቀርም፤ የድንጋዩን ቅርጽ ተከትሎ ይታጠፋል። ሕግ በጥቅሉ ሲደነገግ የማያያቸው ጉዳዮች ስላሉ ፍርድም እንዲህ መታጠፍ የሚያውቅ መለኪያ ያስፈልገዋል ይላል። ሰፊ በአንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ሜትር የዚያ መለኪያ ዘመድ ነው እላለሁ።

ሰፊን ቅዱስ ማድረግ ግን አልሻም። «ለበዓል ይደርሳል» ብሎ ለበዓሉ ማግስት ያደረሰ፣ ሦስት ሜትር ተቀብሎ «ጨርቁ አልበቃም» ያለ ሰፊ ያልገጠመው አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ይሁንና ሲያበላሽም እንኳ የሚጠየቅ ሰው ነበር፤ ስለ ጠበበው ትከሻ የምንጣላው ሰው ፊት ለፊታችን ቆሞ ይመልስልን ነበር። በመደብር የምትቆመው ልጅ ልብሱን አልሰፋችም፣ አልመረጠችም፣ ዋጋውንም አላወጣችም፤ እሷን መቆጣት ነውር ነው። ስለዚህ ቁጣው መውጫ ያጣና ወደ መስታወቱ ይዞራል። ስንት ሴት ከመሞከሪያው ክፍል የምትወጣው ልብሱን ሳይሆን ገላዋን ጠልታ ነው!

የሽመና ባህላችን ለዚህ ነገር ከሰፊውም የቀደመ መልስ ነበረው። ነጠላና ጋቢ ቁጥር የላቸውም። ያው አንድ ነጠላ ለእናትም ለልጅም ይሆናል፤ ልብስ የሚያደርገው ለባሹ ነው። ለቅሶ ቤት ጥለቱ ወደ አንገት ይመጣል፤ በቤተ ክርስቲያን በመስቀለኛ ይጣፋል፤ በትልቅ ሰው ፊት ይደገደጋል። በዚህ በናይሮቢ ቢያሻራ ጎዳና ላይ የሚሸጠው የስዋሂሊዎች ሌሶም እንዲሁ ቁጥር አያውቅም። ይህን የማነሳው «ወደ ነጠላ እንመለስ» ለማለት አይደለም፤ በነጠላ ማታቱ ለመሳፈር የሞከረ ሰው ይህን ምክር አይሰጥም። ደግሞም ጥለቱ በማሽን የታተመበት «የሀበሻ ቀሚስ» በስሞልና በላርጅ ተሰቅሎ ስናይ መሸሸጊያችንም እንደተደረሰበት እንረዳለን።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይሰማኛል። የሚለብሰው ያጣ በበዛበት አገር «የሚያምረኝ አጣሁ» ማለት አያሳፍርም ወይ? አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ የበፍታ ሸሚዝ ለሕይወት የግድ የሚያስፈልግ ነገር እንዳልሆነ ያምናል፤ ግሪኮችና ሮማውያን ያለ እሱ በደኅና ኖረዋል። በእሱ ዘመን ግን የቀን ሠራተኛም ቢሆን ያለ በፍታ ሸሚዝ በሰው ፊት መቆም ያሳፍረው ስለነበር፣ ሸሚዙን ከአስፈላጊ ነገሮች ቆጠረው። ሰው ሳያፍር በአደባባይ ይቆም ዘንድ የሚያስፈልገው ነገር የሀብታም ቅንጦት አይደለም። ድኻው ይህን ከማናችንም በላይ ያውቃል፤ ለልጁ ለበዓል አዲስ ልብስ ለመግዛት ከጉሮሮው የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

ተቃውሞው ግን በዚህ አያበቃም። ለቀን ሠራተኛው ሚስት ሁለተኛ ቀሚስ የሰጣት ይኸው የምናማው ዝግጁ ልብስ ነው፤ ርካሽነቱ በጎ አድርጓል። ይህን አልክድም። ሆኖም ርካሽነቱን ማን እንደከፈለበት እናውቃለን። ሚያዝያ 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ነበሩ። በእኛው አገር በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን አሰባስቧል፤ መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደነበር የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ጽፈዋል። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ ቀረጥ ነጻ ዕድል ስትታገድ ዳፋው በእነዚሁ ልጆች ላይ ወደቀ። እነሱ የሰፉት ልብስ ለእነሱ ልክ አልነበረም፤ ለደመወዛቸውም አልነበረም። እኔ በመደብሩ መስታወት ፊት፣ እሷ በስፌት ማሽኗ ፊት ያለነው ሁለታችንም «እንዴት ይሁንልሽ?» ያላለን የአንድ ሥራ ሁለት ጫፎች ነን። የእኔ ጉዳት ከእሷ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ምንጩ ግን አንድ ነው።

ታዲያ ባዶ እጇን የወጣችው ሴት ወዴት ትሄዳለች? ናይሮቢ ከሆነች ብዙ ጊዜ ወደ ጊኮምባ። አዲስ አበባ ልባሽ ወይም ሳልባጅ የምንለው እዚህ ሚቱምባ ይባላል። ነጋዴው 45 ኪሎ የሚመዝነውን ቦንዳ እንደታሸገ ይገዛል፤ ሲፈታው ዕድሉን ያያል። ምርጡን «ካሜራ» ይሉታል፤ የመጨረሻውን «ፋጊያ»፣ ማለትም የሚጠረግ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች በ2016 ይህን ንግድ እስከ 2019 ለማስቀረት ተስማምተው ነበር፤ አሜሪካ የአጎዋን ዕድል እነሳችኋለሁ ብላ ስታስፈራራ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ አፈገፈጉ። ሩዋንዳ በአቋሟ ጸንታ በ2018 የልብስ ቀረጥ ነጻ ዕድሏን አጣች። የአገር ፋብሪካ ይደግ የሚለው የመሪዎቹ ክርክር ትክክል ይመስለኛል። ከልባሹ ክምር ውስጥ ከአዲሱ መደብር የበለጠ የተለያየ ነገር መገኘቱም እውነት ነው፤ በአንድ ገዢ የአንድ ወቅት ውሳኔ አልተሰበሰበምና ሃያ ዓመትና ሃያ አገር በአንድ ክምር ይገናኛሉ። ሽማግሌዎች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሌላ ሰው ለብሶት የነበረ የጥጥ ቀሚስ በብዙ ሴቶች ላይ ሲያደምቅ አይቻለሁ።

ከክምሩ አጠገብ ፉንዲዎቹ የእግር ማሽናቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የገዛችሁትን ልብስ ስትሰጧቸው በአንገቱ ላይ ያለውን ቁጥር አያነቡም። ሜትራቸውን አንስተው «ኡናታካ ኢዌ ቪፒ?» ይላሉ፤ እንዴት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ ማለት ነው። ትከሻው ይገባ፣ ወገቡ ይለቀቅ፣ እጅጌው ይጠር እያላችሁ ትነግሯቸዋላችሁ። የሚጠይቁት ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከልብሱ ዋጋ ይበልጣል፤ በዚያም ትከራከራላችሁ።