ጣለው ስንል ወዴት ነው?

በየቤታችን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ የሚነገር ትእዛዝ አለ፤ “ጣለው” የሚል። “ውሰጂና ጣዪልኝ”፣ “ይሄን ነገር ከዚህ አጥፉልኝ”። ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከአጥር ከወጣ፣ ከዓይን ከራቀ፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ስለ አረንጓዴ ከተማና ስለ ንጹሕ ኃይል በተወራ ቁጥር እኔን የሚከነክነኝ ይቺው ትንሽ ጥያቄ ናት። ንጹሕ ከተማ የምንለው ቆሻሻ የሌለበትን ነው ወይስ ቆሻሻውን ሰው ደጅ ያስቀመጠውን?

ጠባዩ እንኳ የቆየ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቶቻችን ዋና ከተማ ድንኳን ነበር። ያ ሁሉ ሠራዊት፣ አገልጋይና ነጋዴ አንድ ቦታ ይሰፍራል፤ የአካባቢውን እንጨት አንድዶ ሲጨርስ፣ ገበሬውም የሚያቀርበው ሲያልቅበት፣ ድንኳኑን ነቅሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አዲስ አበባም ከዚህ ያመለጠችው ለጥቂት ነው። ከተቆረቆረች አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቢሆናት ማገዶ አጠራትና አፄ ምኒልክ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር። ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ቢቆርጡት መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ከተማዋም እዚሁ ቀረች። (ዛሬ “ምንጭ ያደርቃል፣ ሌላ ተክል አያስጠጋም” እያልን ስናማው እንውላለን። እውነትም አለን። ግን እዚህ ተቀምጠን እንድናማው ያስቻለንም እሱ ነው።)

ከተማዋ መሄድ ተወች፤ የመሄድ ልማዱ ግን አልቀረም። እኛ መሄድ ሲያቅተን፣ የጨረስነውን ነገር ማስኬድ ጀመርን።

ረጲ ላይ ያለው ቆሼ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባን ጉድ ሲቀበል ኖሯል። ያኔ ቦታው ከከተማው ውጭ ነበር። “ውጭ” የሚባል ነገር ግን ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ ከተማው እያደገ ሄዶ ደረሰበትና ቤት በቤት አደረገው። ከክምሩ ሥር መጠለያ የሠሩ ነበሩ፤ ከክምሩ ላይ ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው ልጆች የሚያሳድጉ ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እነዚህን ሰዎች የቀበራቸው የተራራ አፈር አይደለም። የድንች ልጣጭ ነው፣ ፌስታል ነው፣ ያረጀ ፍራሽ ነው፣ ከድግስ የተረፈ ምግብ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት ነበረው። እያንዳንዱን አንድ ሰው “ጣለው” ብሏል።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሆነውም አብሮ መነገር አለበት። ቆሼ ሞልቶ ስለነበር በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ የሚባል የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውን፣ ወደ ውሃቸው የሚወርደውን ፍሳሽ፣ የከብቶቻቸውን ጤና እየጠቀሱ “አንቀበልም” አሉ። ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ። ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መመለሱ ነው ክምሩን የናደው ማለቴ አይደለም። ግን ሰንዳፋ እምቢ ያለው ሸክም እምቢ ማለት በማይችሉት ሰዎች ራስ ላይ መጫኑ አይካድም።

በጊዜው “ገበሬው ልማት አደናቀፈ” ያሉ ነበሩ። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። የአዲስ አበባ ሰው የበላውን በልቶ የተረፈውን ሰንዳፋ ሲልክ፣ ለሰንዳፋ ሰው ምን ላከለት? ደግሞም ያ ገበሬ ያደረገው እኛ በየቀኑ የምናደርገውን ነው፤ ከደጄ አርቁልኝ ነው ያለው። ልዩነቱ፣ እኛ ስንል ማንም ሳይሰማ ይፈጸምልናል፤ እሱ ግን እስኪሰማ ድረስ መጮህ ነበረበት። በሌላ በኩል ሁሉም “ከደጄ አርቁልኝ” ካለና ሁሉም መብቱ ከሆነ፣ ነገሩ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ድምፅ በሌለው ሰው ደጅ ነው። መብት በመብት ላይ ተደራርቦ ግፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለኔ ትልቁ እንቆቅልሽ ይሄ ነው።

ጆን ሮልስ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፉ ለዚህ ዓይነቱ ጭንቅ የሚሆን አንድ መላ አቅርቧል። የማኅበረሰቡን ሕግ የምታወጡ ሰዎች ሀብታም ትሁኑ ድሃ፣ ብርቱ ትሁኑ ደካማ፣ የትኛው ቦታ እንደሚደርሳችሁ ሳታውቁ አውጡት ይላል። ለአዲስ አበባ ሰው ይሄን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ኮንዶሚኒየም ያውቃላ! ዕጣ ማለት ምን እንደሆነ፣ የት ሳይት እንደሚደርስህ ሳታውቅ ዓመታት ጠብቆ መቆየት ምን እንደሆነ ያውቃል። እንግዲህ የከተማው ፕላን ሲሠራ ዕጣው ገና አልወጣም እንበል። አንዱ ዕጣ ከመናፈሻው ፊት ለፊት ነው። አንዱ ዕጣ ከክምሩ ሥር ነው። ፕላኑን የሚፈርመው ሰው፣ አማካሪውም፣ እኔም፣ አንተም እጃችንን ሣጥኑ ውስጥ እንከታለን። ያኔ ክምሩ እንዲያ ይከመር ነበር? ደግሞ “እንግዲያው ሩቅ ወስደን እንጣለው” ብሎ ማምለጥ የለም፤ ሩቁም ዕጣው ውስጥ አለ።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ያቃጥላል፣ 25 ሜጋ ዋት ይሰጣል ተባለ። ሐሳቡ የሚጠላ አይደለም፤ ቆሻሻውን ሌላ ቦታ ከማስኬድ እዚሁ ይዞ መብራት ማድረግ። ችግሩ የኛ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ እርጥብ መሆኑ ነው። ልጣጭ፣ የወጥ ትርፍ፣ ቅጠላ ቅጠል። ውሃ ያዘለ ነገር ደግሞ መጀመሪያ የራሱን ውሃ ለማትነን ሙቀቱን ይበላል። ከደረቁ አገሮች የመጣ ምድጃ የኛን ጓዳ አያውቅም። ጓዳን የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ ይሄን ለመናገር ዲግሪ አያስፈልገውም ነበር። እርጥቡ ተለይቶ ብስባሽ ማዳበሪያ ቢሆን ለሰንዳፋው ገበሬ ይደርሳል፤ የምንልክለት ነገር ተገኘ ማለት ነው። ደረቁ ደግሞ ባለቤት አለው፤ ቆራሌው። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ፕላስቲክ እየገዛ፣ ማዳበሪያውን በትከሻው ተሸክሞ በየሰፈሩ የሚጮኸው ልጅ፣ “አረንጓዴ” የሚለው ቃል ፋሽን ሳይሆን በፊት ሥራውን ይሠራ ነበር። እሱና ቆሼ ላይ የሚለቅሙት ወገኖቹ ግን በፕላኑ ላይ ሲገኙ የሚነሣ ችግር ተደርገው ነው እንጂ እንደ ባለሙያ አይቆጠሩም።

ለክምሩም ቢሆን መላ አለ። ከአደጋው በኋላ የጃፓኖቹ የፉኩኦካ ዘዴ ቆሼ ላይ ተሞክሯል። ረቂቅ ነገር አይደለም፤ ቧንቧ ከሥር ይዘረጋል፣ ፍሳሹ ይወጣል፣ አየር ይገባል፣ ቆሻሻው ሳይታፈን ስለሚበሰብስ ሚቴን ጋዙ ይቀንሳል፣ ክምሩም ይረጋጋል። ውድ ማሽን የማይጠይቅ፣ ክትትል ግን የሚጠይቅ። እኛ ደግሞ መመረቅ እንጂ መከታተል አይሆንልንም።

ዛሬ ከተማችን እየተዋበች ነው፤ የወንዝ ዳር ልማት፣ የኮሪደር ልማት፣ የብስክሌት መንገድ፣ ሣር። አላፊ አግዳሚው ጥላ አግኝቶ ሲቀመጥ ማየት ደስ ይላል፣ ይሄን የሚጠላ የለም። ግን ከፒያሳ የተነሡት ሰዎች ወደ ከተማው ዳር ሲወሰዱ የቆየው ልማድ ትዝ ይለኛል። ይሄኛው ሲንቀሳቀስ ያየነው ቆሻሻ አይደለም፤ ሰው ነው። ጎረቤት ነው፣ ዕድር ነው፣ ደንበኛ ያላት ጉሊት ነው። የጥላው ዋጋ ስንት ነው ሲባል ይሄም አብሮ ይደመር።

ንጹሕ ኃይሉም እንደዚሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሕዳሴ ተመረቀ። የመኪና ጭስ ያልበላው ትውልድ ሊያድግ ይችላል ብሎ ተስፋ ማድረግ እንደ ቅዠት አይቆጠርም። ደግ ነው። ባትሪ ግን ዕድሜ አለው፤ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ዓመት። በየገጠሩ በፀሐይ የሚሠሩት ትናንሽ መብራቶችማ ባትሪያቸው ከዚያ ቀድሞ ይሞታል። ዛሬ በየመንገዱ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉት መኪኖች ባትሪያቸው ሲደክም ባለቤቱ ለጋራዡ ልጅ አንድ ቃል ይናገራል። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚወድቅበትን ሰፈር ስም ግን ከአሁኑ ቢነግሩን፣ እዚያ የሚኖሩት ሰዎችም አብረው ተቀምጠው ቢሰሙት።