ጀማሪ ሞተረኛ፣ ሊማሊሞ እና የእምነት ጥያቄ

ሊማሊሞ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚያመራው ጎዳና ላይ፣ ደባርቅን አልፎ የሚጀምር ቁልቁለት ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ገደሉ ተፈልጦ የወጣው መንገድ በስሜን ተራሮች ጥግ እየተጠማዘዘ ከደጋው ወደ ቆላው ይወርዳል። ሞተር ሳይክል ገና የጀመረ ሰው እዚህ ሲደርስ፣ ፈላስፎችንና የሃይማኖት ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ በእጁና በእግሩ መመለስ ግድ ይሆንበታል፦ ሰው በቂ ማስረጃ ሳይኖረው ማመን ይገባዋልን?

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፈርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ድርሰት አይገባውም ብሏል። ምሳሌው ስለ አንድ ባለመርከብ ነው። ሰውየው መርከቡ ማርጀቱን እያወቀ፣ ጥርጣሬውን አፍኖና በአምላክ ጥበቃ ተማምኖ መንገደኞችን ጭኖ ይልካል፤ መርከቡም ሰጥሞ ሁሉም ያልቃሉ። እንደ ክሊፈርድ አባባል መርከቡ በደኅና ቢደርስ እንኳ ሰውየው ከጥፋት አይነጻም፤ ያን እምነት ለመያዝ መብት አልነበረውምና። የፍሬኑን ሸራ ሳያይ ሊማሊሞን የሚወርድ ሞተረኛም ከዚህ ሰው አይለይም። በረጅም ቁልቁለት ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ ጎማውን እያገተ መውረድ ይገባል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መንከባለልማ የለየለት ድፍረት ነው።

ኩርባው ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። የጀማሪ ዓይን ወደ ገደሉ ይሳባል፤ ሞተር ሳይክልም ዓይን ወዳረፈበት ያዘነብላል። ፍርሃት የፊት ፍሬኑን ጨብጥ ይላል። በኩርባ መሐል ፍሬን በድንገት ሲያዝ ደግሞ ያጋደለው ሞተር ቀጥ ይልና ወደ መንገዱ ጠርዝ ይወጣል። የሚያድነው አካሄድ ከደመ ነፍስ ጋር የሚጋጭ ነው፦ ከኩርባው በፊት ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ ነዳጁን ሳይለቁ በስሱ ይዞ ማጋደል፣ ዓይንንም ኩርባው በሚያልቅበት በኩል ማሳረፍ። ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ እንደሚይዝ የሚታወቀው ካጋደሉ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚታይ ማስረጃ የለም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ ለክሊፈርድ ሲመልስ ያነሣው ይህን የመሰለ ሁኔታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 በታተመው የድርሰቶቹ ስብስብ ውስጥ፣ በአልፕስ ተራሮች ላይ ከመዝለል በቀር መውጫ ያጣ ሰው አለ። እችላለሁ ብሎ ያመነ ይሻገራል፤ የተጠራጠረ እግሩ ይከዳውና ይወድቃል። እምነቱ ራሱ እውነቱን ከሚያስገኙት ነገሮች አንዱ ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ቦታቸው ግን የተለያየ ነው። የክሊፈርድ ቦታ ደባርቅ ላይ፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ነው፤ የጄምስ ደግሞ ኩርባው ውስጥ። ቅደም ተከተሉን የሚያፋልስ ሰው እምነትን ወደ ፈተና ይለውጠዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ክርስቶስ ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲጠየቅ እምቢ ያለው እምነት ጎድሎት አይደለም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን ስለሆነ ነው። በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስብም ግመሉን ፈትቶ በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቀ ሰው፣ ነቢዩ መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ እንዲመካ ነግረውታል።

የጄምስ ምሳሌ ግን ወሰን አለው። የሞተረኛው መተማመን የሚረዳው በራሱ እጅ ባለው ነገር ብቻ ነው። ከላይ የሚናድ ድንጋይ ወይም ከጉም ውስጥ ድንገት ብቅ የሚል የጭነት መኪና በእሱ እምነት አይመለስም። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ የሚያማትብ ወይም ቢስሚላህ የሚል ሰው ይህን ያውቃል። ጸሎቱ በደኅና እደርሳለሁ የሚል ግምት አይደለም፤ ከእጁ ውጭ ያለውን ለባለቤቱ መስጠት ነው። ስለዚህ ክሊፈርድ ባቆመው የማስረጃ ሚዛንም ሆነ ጄምስ በሚለው ውጤት ሊመዘን አይችልም።