መውጫ ያለው ቆይታ

አንድ ቦታ እስር ቤትም ገነትም ሊሆን ይችላል? አምባሰል ውስጥ ያለው የግሸን አምባ ሁለቱንም ሆኗል። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች ዙፋን እንዳይሻሙ እዚያ ላይ ተዘግቶባቸው ይኖሩ ነበር። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብም ከመንገሣቸው በፊት እዚያ እንደነበሩ ይነገራል። ዙሪያው ገደል ነው፤ ለጠባቂ እንጂ ለሚያመልጥ አይመችም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ የልዑላን መታሰሪያ ጻፈ። ወሬው ባሕር ሲሻገር ግን መልኩን ቀየረ። ጆን ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የጠፋው ገነት» ውስጥ የአማራን ተራራ አንዳንዶች እውነተኛው ገነት ነው ብለው የሚገምቱት ቦታ አድርጎ ጠቀሰው። እኛ ያሰርንበትን እነሱ ናፈቁት ማለት ነው። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚለውን ተረት ግሸን አፍርሶታል።

ነገሩ በደንብ የገባው ሳሙኤል ጆንሰን ይመስለኛል። በ1759 እ.ኤ.አ. በወጣው ልቦለዱ ውስጥ ራሴላስ የተባለ ሐበሻ ልዑል ሁሉ ነገር በሞላበት ሸለቆ ይኖራል። ምግቡ አለ፣ ሙዚቃው አለ፣ ልምላሜው አለ። ልዑሉ ግን ይሰለቻል፤ ተራራ ፈልፍሎ ያመልጣል። ጆንሰን ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም፤ ግን አንድ ነገር አግኝቷል፦ ቦታን ገነት የሚያደርገው ውበቱ ብቻ አይደለም፣ መውጫ መኖሩም ነው።

እና ይሄ እኛን ምን አገባን? ያገባናል እንጂ። ቅዳሜና እሁድ ቦርሳ አዝለን ተራራ የምንወጣ ልጆች በዝተናል። «ሃይኪንግ» የሚለው ቃል ራሱ አማርኛ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ሐይቅና አምባሰል ምን ይጎድላቸዋል? ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሐይቁ ይመጣል፤ እዚያው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ወደ ውጫሌ ሲቀጥሉ ደግሞ የአምባሰል ተራሮች ናቸው። እግር ያለው ሰው መንገድ አያጣም።

ግን መንገዱን ማን ሠራው? «የተፈጥሮ መንገድ» የምንለውን ተፈጥሮ አልሠራውም። ገበያ የሚሄዱ ሰዎች፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች፣ የተጫኑ አህዮች፣ ከብት የሚነዱ ልጆች እየረገጡ ያወጡት ነው። ለኛ መዝናኛ የሆነው ዳገት ለእነሱ ሥራ ነው። አንዳንዱ ልዩነቱን ሲያስረዳ «አገሬው ለምዶት ውበቱን አያየውም» ይላል። ውሸት ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ አምባሰል ነው የሚባለው። ተራራውን ያላየ ሕዝብ በስሙ ቅኝት አይጠራም።

እንግዲያው ልዩነቱ ዓይናችን ላይ አይደለም፤ እሁድ ማታ ላይ ነው። እሁድ ማታ እኛ እንመለሳለን። ዳገቱ ቢያደክመን መኪና አለ፣ ዝናቡ ቢበዛ ሆቴል አለ። መዝናናት ማለት መውጫ ያለው ቆይታ ነው።

«ታዲያ መነኩሴውስ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የእስጢፋኖስ መነኩሴ ዕድሜ ልኩን እዚያው ቢኖርም እስረኛ አይደለም፤ መቆየቱን መርጦታል። ግሸንም ቢሆን መስከረም 21 ምእመናን ወደው የሚወጡት፣ ልዑላን ተገደው የኖሩበት ያው አምባ ነው። በተቃራኒው መውጣት ሁሉ ነፃነት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ሲገፋ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ሰዎች በዚሁ አቅጣጫ ወደ ደሴ ጎርፈዋል። ያንኑ ተራራና ያንኑ ሐይቅ አልፈዋል፤ ሽርሽር ግን አልነበረም። ነፃነት ማለት መቆየትም፣ መሄድም፣ መመለስም በራስ ፈቃድ ሲሆን ነው።

ይህ ከሆነ፣ የሚሄድ ሰው ለሚቀረው ምን ዕዳ አለበት? የተለመደው መልስ ገንዘብ ነው፦ ጀልባ ተከራዩ፣ ቡና ጠጡ፣ ለአስጎብኚ ክፈሉ። ልክ ነው፣ ይከፈል። ግን ገንዘብ የማይከፍለው አንድ ነገር አለ። የሣር ክዳን ቤት ፎቶ አንስተን «ምነው እንዲሁ በቀረ!» እንላለን። ቆርቆሮው አብረቀረቀብን፣ የመብራት ምሰሶው ፎቶውን አበላሸብን ብለን እናዝናለን። ምኞቱ የዋህ ይመስላል። ሲመረመር ግን የአምባው ጠባቂ ምኞት ነው፦ እኔ ልውረድ፣ አንተ እንዳለህ እዚያው ቆይ።

«እና ሐይቁም ዝም ተብሎ ይጥፋ?» አይደለም። ሰውን ባለበት ማስቀረትና ውሃን መጠበቅ ለየቅል ናቸው። የእስጢፋኖስ ገዳም ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር የሚገባበት ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። ሐይቁ ደግሞ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ ከእርሻው የታጠበው አፈርም፣ እኛ የጣልነው ፕላስቲክም እዚያው ይቀራል። መውጫ ያለን እኛ ነን፤ እሱ የለውም። ስለዚህ ቆሻሻን ይዞ መመለስ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መውጣት የሚችል ሰው ግዴታ ነው። ሐይቁ ይጠበቅ ስንልም ዋጋውን ዳሩ ላይ የሚያርሰው ገበሬ ብቻውን እንዳይከፍል መጠየቅ አለብን።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ብዙዎቻችን ያሰብነው ጉዞ ቀርቶብናል። መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ትንሽ ቀምሰናል። ቅምሻዋን ባንረሳት ጥሩ ነው። የአንድ መዝናኛ ቦታ መለኪያው ስንት እንግዳ መጣ የሚለው ብቻ አይመስለኝም፤ የዚያ ቦታ ልጅ ራሷ በተራዋ እንግዳ መሆን ትችላለች ወይ የሚለውም ነው። ለዚህ ትምህርት፣ ትርፍ ጊዜና የትራንስፖርት ብር ያስፈልጋታል። እስቲ አስቡት፦ አምባሰል ላይ ፍየል የምትጠብቀው ልጅ አንድ ቀን አዲስ አበባ መጥታ፣ እንጦጦ ላይ ቆማ፣ ቁልቁል መብራት የጠፋበትን ሰፈራችንን እያየች «ሲያምር! ምነው እንዲሁ በቀረ!» ብትለን ምን እንላታለን?