የጎረቤት ሒሳብ

በደቡብ ለንደን፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር። አንደኛው ሚስትና አራት የደረሱ ልጆች ያሉት አባወራ ነው። በእሱ ቤት የልብስ ማጠቢያው አያርፍም፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ቅዳሜ ከጧት ጀምሮ እንደጋለ ይውላል፤ ልጆቹም አምፖል ማብራት እንጂ ማጥፋት አልለመዱም። ሁለተኛው ሌሊት ታክሲ እየነዳ ቀን የሚተኛ፣ እንግዳ ካልመጣበት ሻይ እንኳ የማያፈላ ወንደላጤ ነው።

አንድ እሑድ አባወራው የሾፌሩን በር አንኳኳ።

«ስማ፣ የመብራት ኩባንያ ቀየርኩ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 25 ፔንስ ስከፍል ኖሬ አሁን 20 ሆነልኝ። በዓመት ከ150 ፓውንድ በላይ ይተርፈኛል። አንተም ዛሬውኑ ቀይር፤ ወንድሜ ስለሆንክ ነው የምነግርህ።»

«ጋሼ፣ ርካሽ ኩባንያ መብራቱን ያቋርጥብኝ ይሆን?»

አባወራው ሳቀበት። ሳቁ እውነት ነበረው። በእንግሊዝ አገር ሰው ኩባንያ ሲቀይር ሽቦውም የጋዝ ቧንቧውም ያው ነው፤ የሚለወጠው ቢሉን የሚልከው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የጋዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ከሃያ በላይ አቅራቢዎች ተከታትለው ወደቁ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጌም ደንበኞቻቸውን ወደ ሌሎች ኩባንያዎች አዛወረ እንጂ አቅራቢው ስለከሰረ ብቻ መብራት የጠፋበት ቤት አልነበረም።

ሾፌሩ ልቡ ወደ መቀየሩ አዘነበለ። ከመፈረሙ በፊት ግን ምድር ቤት ወደሚኖሩት እማማ ወረደ። እማማ መርካቶ ልብስ እየሰፉ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ወር በገባ ቁጥር መነጽራቸውን አድርገው የቆጣሪውን ቁጥር በልጅ ልጃቸው አሮጌ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ከጎኑም ያለፈውን ወር ቀንሰው ያሰፍራሉ።

«እማማ፣ 20 ከ25 አይሻልም?»

«በዓመት ስንት ይቆጥርብሃል?»

«ምን አውቄ? እንደ ሰው ነዋ!»

«እንደ የትኛው ሰው?»

ሾፌሩ ከዜና የሰማውን ጠቀሰ። ኦፍጌም በየሦስት ወሩ የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ አንድ ቤት በዓመት ይህን ያህል ይከፍላል ይባላል፤ እሱም ከዚያ በላይ የሚከፍል ሰው ያለ አይመስለውም ነበር። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣሪያው የተበጀው ለኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋና ለቀን ክፍያው እንጂ ለቢሉ ድምር አይደለም። በዜና የሚጠራው ድምር በዚያን ጊዜ የሚሰላው በዓመት 2,700 ኪሎዋት ሰዓት መብራትና 11,500 ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ ለሚጠቀም ቤት ነበር።

«እዚያ ቤት አንተም የለህበት፣ እኔም የለሁበት» አሉት። «ሁለቱን ወረቀቶች አምጣ።»

አመጣ። እማማ ጣታቸውን ከትልቁ ቁጥር ላይ አንስተው ከሥሩ ካለችው ቀጭን መስመር ላይ አሳረፉ፤ የቀን ክፍያ። ሾፌሩ ያለበት ኩባንያ በቀን 45 ፔንስ፣ አዲሱ ደግሞ 70 ፔንስ ያስከፍላል። ባለቤቱ አገር ቤት ሄዶ በሩ ተዘግቶ ቢከርም እንኳ ይህ ገንዘብ መቆጠሩን አይተውም። የ25 ፔንስ ልዩነት በ365 ቀን ሲባዛ 91 ፓውንድ ከ25 ፔንስ ይሆናል።

የሾፌሩ የዓመት ፍጆታ በቢሉ ጀርባ ተጽፏል፤ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት። በእያንዳንዱ 5 ፔንስ ቢቀንስለት የሚያተርፈው 50 ፓውንድ ነው። 91 ከ25 ከፍሎ 50 ማትረፍ፤ ኪሳራው 41 ፓውንድ ከ25 ፔንስ። አባወራው 5,000 ስለሚቆጥርበት 250 ያተርፋል፤ የቀን ክፍያው ጭማሪ ሲነሳለት 158 ፓውንድ ከ75 ፔንስ ይቀረዋል። እማማ በደብተሩ ጠርዝ ላይ 1,825 ብለው ጻፉና አሰመሩበት። ከዚህ በላይ የሚቆጥርበት ቤት በአዲሱ ዋጋ ያተርፋል፤ ከዚህ በታች ያለው ይከስራል።

«አገር ቤት እኮ ትንሽ ያበራ ትንሽ ነው የሚከፍለው!»

«አገር ቤት የምታወዳድረው የለህም፤ መብራት ኃይል አንድ ነው። ታሪፉም በእርከን ስለሆነ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማያልፍ ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ትንሹን የሚያስበው ታሪፉ ራሱ ነው። እዚህ የቀን ክፍያው ለትንሹም ለትልቁም እኩል ነው፤ የሚከብደው ለትንሹ ነው። ራስህ ካላሰብክ የሚያስብልህ የለም።»

«ጋዙስ?»

«የራሱ የቀን ክፍያ አለው። በበጋ ማሞቂያህ ጠፍቶም ይቆጥራል። ሁለቱን ለየብቻ አስላና ደምር፤ በመብራት የረከሰው በጋዝ ሊወደድ ይችላል። ውሉን ሳይደርስ ብታፈርስ ቅጣት እንዳለውም ጠይቅ።»

«ታዲያ ጋሼ ዋሹኝ?»

«አልዋሸህም። የራሱን ልክ ነገረህ። እኔ ግን የሰውን ልክ ሳልወስድ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም።»

ሾፌሩ ባለበት ኩባንያ ቆየ። አባወራውን እንዳያስቀይም ብሎ ስለ ስሌቱ ሳይተነፍስ አመስግኖ ዝም አለ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። የአባወራው ልጆች አንድ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ ሥራ ያዙ፣ ወጡ። ቤቱ ውስጥ ባልና ሚስት ቀሩ። አባወራው ግን ውሉን ባደሰ ቁጥር ያንኑ ዓይነት፣ ኪሎዋት ሰዓቱ የረከሰበትን፣ የቀን ክፍያው የከበደበትን መረጠ። ቢሉ በየዓመቱ ስለሚቀንስ የመረጠው ርካሹን መሆኑን አልተጠራጠረም።

አንድ ቀን ሦስቱም ቡና ላይ ሳሉ አባወራው ኩባንያውን ሲያወድስ እማማ «አሁን ስንት ይቆጥርባችኋል?» አሉት። ቢሉን አወጣ፤ 1,600። እማማ አሮጌውን ደብተር ገልጠው ያኔ ለሾፌሩ ሲያሰሉ ያሰመሩበትን ቁጥር፣ 1,825ን፣ አሳዩት። የሁለቱ ዓይነት ዋጋ ልዩነት ያው ነበር። ኩባንያው አላታለለውም። ቤቱ ሲያንስ ርካሹ ዋጋ ውድ ሆነበት።

አባወራው ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ይህን ሒሳብ ያኔ አውቀህ ነበር። ምነው ዝም አልከኝ?»

ሾፌሩ መልስ አጣ። አንዱ ሳይጠይቅ መክሮ ነበር፤ ሌላው አውቆ ሳይናገር ቀርቶ ነበር። ሁለቱም ቅኖች ነበሩ፤ ሁለቱም ጎረቤታቸውን ሊያስከስሩ ነበር።

ዋጋ የሚወዳደረው ከሌላ ዋጋ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከሚከፍለው ቤት ጋርም ነው፤ ቤት ደግሞ እንደ ዓምናው አይቆይም። ወዳጁን ሊጠቅም የሚሻ ሰው ያተረፈውን ከማብሰሩ በፊት «አንተስ ስንት ይቆጥርብሃል?» ይበል። መልሱን ካወቀም አይደብቅ።