የተውሶ ምስክርነት

በጎንደር ቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ያደምጣል። ከዚያም ብቻውን ጸጥ ወዳለ ስፍራ ሄዶ የራሱን ይቆጥራል። ሲመለስ ለየኔታ ይነግራል፤ እርሳቸውም ያርሙታል። የሌላውን ቅኔ «የኔ ነው» ብሎ መንገር ግን ነውር ነው።

እኛስ? ብዙ ጊዜ የምንመሰክረው ከመድረክ የሰማነውን የሌላ ሰው ሕይወት ነው። ኤልያስ በኮሬብ የጌታን ድምፅ የሰማው ነፋሱ፣ የምድር መናወጡና እሳቱ ካለፉ በኋላ ነበር።

ዝምታ ብቻውን ግን ጥበበኛ አያደርግም፤ በዝምታ ውስጥ የገዛ ልባችንም ይናገራልና። ስለዚህ የሰማችሁትን በቃሉ መዝኑት፤ ለሚያርማችሁ ታላቅም ንገሩ። ዛሬ ስልካችሁን ዘግታችሁ ጥቂት ተቀመጡ። ከዚያ ጌታ ያደረገላችሁን እናንተው መስክሩ።