ቤቱ ያንተ ነው፤ የተከራዩ ሐቅ ግን ያንተ አይደለም



በስደት ለፍተው ባጠራቀሙት ገንዘብ ዱባይ ላይ አፓርታማ ገዝተው ማከራየት የሚያስቡ ወገኖች አሉ። አላህ በልፋታቸው ላይ በረካ ያድርግበት። ማከራየት ሐላል ነው። ነገር ግን ቤት የሚገዛው ከነሕጉ መሆኑን አንርሳ።

በዱባይ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የንብረት ምዝገባ ሕግ የውጭ ዜጎች በተፈቀዱ አካባቢዎች ቤት እንዲገዙ ይፈቅዳል። የኪራይ ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። ውሉ «ኢጃሪ» በሚባለው ሥርዓት ይመዘገባል። ተከራይ ያለበትን ቤት የገዛ ሰው ውሉንም አብሮ ይረከባል። በ2013 በወጣው ድንጋጌ መሠረት፣ የሚከፈለው ኪራይ ከአካባቢው አማካይ ያነሰው እስከ 10 በመቶ ብቻ ከሆነ ጭማሪ የለም። ከ40 በመቶ በላይ ቢያንስ እንኳ ጭማሪው ከ20 በመቶ አያልፍም።

አከራዩ «ራሴ ልኖርበት ነው» ብሎ ተከራዩን ለማስወጣት ከፈለገ፣ በኖተሪ ወይም በአደራ ፖስታ የ12 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ካስወጣው በኋላም መኖሪያ ቤቱን ለሁለት ዓመት ለሌላ ሰው ማከራየት አይችልም።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኪራይ ሲወደድ ሸይጧን ይመጣና «ልኖርበት ነው በልና አስወጣው፤ ከዚያ በውድ ታከራየዋለህ፤ ማን ያውቅብሃል?» ይላል።

ወንድሜ ሆይ! እህቴ ሆይ! አላህ ያውቃል። በሱረቱል ማኢዳህ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ምእመናንን ቃል ኪዳናቸውን እንዲሞሉ አዟል። በውሉ ላይ ስትፈርም የአገሩን ሕግ አክብረህ ልታከራይ ቃል ገብተሃል። ሱረቱል ሙጠፊፊን ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን ያስጠነቅቃል። ኪራዩን በቀኑ ተቀብሎ የተበላሸውን የማያስጠግን፣ የተከራዩን መያዣ ገንዘብ በሰበብ አስባቡ የሚያስቀር ሰው ከዚህ ማስጠንቀቂያ ሩቅ ነውን?

ከእኛ ውስጥ የኪራይ ቤትን ኑሮ የማያውቅ ጥቂት ነው። አከራይ «ውጡልኝ» ሲል የእናት ፊት እንዴት እንደሚለወጥ አይተናል። ታዲያ ዛሬ ቁልፉ በእኛ እጅ ሲገባ ያንን እንርሳ?

ስለዚህ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከመፈረሙ በፊት በቤቱ ውስጥ ያለውን ውል ያንብብ። ትርፉን ደላላው በሚነግረው ሳይሆን ተከራዩ ዛሬ በሚከፍለው ኪራይ ያስላ። በዚህ ሒሳብ ካላዋጣው ይተወው። በሰው ሐቅ ካልሆነ የማያዋጣ ንግድ ሪዝቅ አይደለም። የሰው ሐቅ ደግሞ ባለቤቱ ይቅር ካላለ በቂያማ ቀን ከመልካም ሥራችን ላይ ይከፈላል።

ያ አላህ! በሐላልህ ከሐራም አብቃቃን። በእጃችን ያለውን የሰው ሐቅ በዱንያ ሳለን የምንመልስ አድርገን። አሚን!

በዚህ በተባረከ ቀን በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማውረድን አንርሳ። ጁሙዓ ሙባረክ!